ሰሜንን አሳዩኝ ስላቸው ኮርኒሱን አሳዩኝ፦ ጂኦግራፊ ለትንንሽ ልጆች እንዴት ነው የምታስተምሩት?

የበረሳ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ በተለይ አካባቢ ሳይንስና ሶሻል ለምታስተምሩ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ የመንግስት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ 7ኛ አመቴ ነው። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ አቅጣጫ እየተማርን ነበር። አራቱን አቅጣጫ ልጆቹ እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት፣ ጎረቤት አገር ስጠይቃቸውም በሰሜን ኤርትራ፣ በምሥራቅ ጅቡቲና ሶማሊያ፣ በደቡብ ኬንያ፣ በምዕራብ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ብለው በአንድ ድምፅ ዘመሩልኝ። ደስ አለኝና እሺ አሁን በጣታችሁ ሰሜንን አሳዩኝ አልኳቸው። ከ64 ልጅ አብዛኛው ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረ። ደቡብስ ስላቸው ወለሉን። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ከልባቸው ነው። ለካ ካርታው ሁሌ ሰሌዳው አጠገብ እንደተሰቀለ ነው፣ እኔም ሁሌ ሰሜን ከላይ ደቡብ ከታች እያልኩ ነው የማስተምረው፣ ታዲያ ልጅ ምን ይበል?

ከዛ አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ብዙም የማታወራ ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ አባይ ታዲያ እንዴት ሽቅብ ይወጣል?" አለችኝ። ካርታው ላይ ከጣና ወደ ሱዳን ወደ ግብፅ ሲሄድ ወደ ላይ ነዋ የሚሄደው። ሌሎቹም እውነትም እኮ ብለው ዝም ብለው አዩኝ። እኔ ከፍታ ምናምን ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ ግን ፊቷ ላይ እንዳልገባት አይቻለሁ፣ ደወሉም ተደወለ። ቤት ገብቼም ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ስንት አመት ሙሉ ስንቱ ልጅ ይሄንን ጥያቄ ሆዱ ይዞ ፈተናውን ደፍኖ አልፏል?

ያለኝን ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ካርታ አለ፣ አሁንም 9 ክልል ነው የሚያሳየው፣ ሲዳማ የለ፣ ደቡብ ምዕራብ የለ፣ ጠርዙ ተቀዷል። ሉል አንድ አለን እሱም ስቶር ውስጥ ነው፣ አስፈርመህ ነው የምታወጣው። መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ። ፔሬዱ 40 ደቂቃ። ፕሮጀክተር የለም፣ መብራቱም ሲመጣ ይመጣል። ስለዚ እባካችሁ ቪዲዮ አሳያቸው አትበሉኝ፣ ባለኝ ነገር ምን ላድርግ? ከናንተ መካከል ልጆቹ ሲገባቸው በአይኑ ያየ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። 34 አመት አስተምሬያለሁ፣ አብዛኛውን በገጠር ነው። መጀመሪያ ካርታውን ከግድግዳ አውርጂው። ወለል ላይ ዘርጊውና የካርታውን ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አገናኝተሽ ልጆቹን ዙሪያውን አቁሚያቸው። ያን ጊዜ ላይና ታች የሚባል ነገር ይጠፋል፣ ሰሜን ማለት ወዲያ ማዶ ያለው ተራራ ይሆናል። ይቺ ብቻዋን ግማሹን ችግር ትፈታልሻለች።

እውነተኛውን ሰሜን ግን አንቺ አትንገሪያቸው፣ ራሳቸው ያግኙት። ቀጥ ያለ 1 ሜትር እንጨት ግቢው ውስጥ ትተክያለሽ፣ ሜዳ ቦታ ይሁን። 4 ሰዓት ገደማ የጥላው ጫፍ የደረሰበት ላይ ጠጠር ታስቀምጫለሽ፣ ከዛ ገመድ እንጨቱ ላይ አስረሽ በዚያ ርቀት ልክ መሬቱ ላይ ክብ ታዞሪያለሽ። ጥላው እያጠረ ይሄዳል፣ ቀትር ላይ በጣም ያጥራል፣ ከዛ እንደገና ይረዝምና ከሰዓት በኋላ ክቡን መልሶ ይነካል። እዛ ላይ ሁለተኛ ጠጠር። ሁለቱን ጠጠር የሚያገናኘው መስመር ምዕራብ ምሥራቅ ነው፣ የጠዋቱ ጠጠር ምዕራብ፣ የከሰዓቱ ምሥራቅ። እሱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠው ሰሜን ደቡብ ነው። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፣ የጠዋት ፈረቃ የመጀመሪያውን ጠጠር ያስቀምጣል የከሰዓቱ ይጨርሳል፣ በማግስቱ ሁለቱም መስመሩን ያዩታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። "ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል" የሚል አንዳንድ ቦታ ታነቢያለሽ፣ እሱ ለአውሮፓ ነው የተጻፈው። እኛ አገር እንደ ወቅቱ ነው። እናንተ ጋ ፀሐይ በአመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት ገደማና ነሐሴ 20 አካባቢ። በነዚህ ሁለቱ መሀል፣ ግንቦትና ሰኔን ጨምሮ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ታህሳስ አጋማሽ ላይ ያው 1 ሜትር እንጨት 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ደግሞ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ። እኔ ሳስተምር በየወሩ አንድ ቀን እየለካን ግድግዳ ላይ በከሰል እንመዘግብ ነበር፣ ግንቦት ላይ ጥላው ዞሮ በሌላ በኩል ሲወድቅ የልጆቹን ፊት ብታዪው! ስለ ምድር ዙረትና ስለ ወቅት ከዛ በኋላ ስታስተምሪ ጆሯቸውን ነው የሚሰጡሽ።

ቀትርን በሰዓት አትለኪው ደግሞ። ሰዓታችን የተሠራው በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፣ ደብረ ብርሃን ከዛ ወደ ምዕራብ ራቅ ብላ 39 ተኩል ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ እውነተኛው ቀትር ከ6 ሰዓት በኋላ ነው የሚውለው፣ እንደ ወቅቱ ከ5 እስከ 35 ደቂቃ ያህል አልፎ። ክቡ ግን ሰዓት አይፈልግም፣ ለዛ ነው የመረጥኩልሽ።

ለዛች ልጅ ደግሞ አባይን በሰው ሥሪላት። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አባይ ድንበሩ ጋ ሲደርስ ወደ 500 ይወርዳል፣ ካርቱም 380 ገደማ ናት፣ ካይሮ 20 ሜትር ምናምን፣ ባህሩ ዜሮ። አንድ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ይቁም ጣና ይሁን፣ ቀጣዩ ወንበር ላይ፣ ቀጣዩ ጡብ ላይ፣ የመጨረሻው ወለል ላይ ይቀመጥ። ሰልፉን ባገኛችሁት በእውነተኛው ሰሜን አቅጣጫ አሰልፊው። ከዛ ገመድ ወይ ነጠላ ከላይ ወደ ታች አቀብሏቸው። ወደ ሰሜን መሄድና ወደ ላይ መውጣት የተለያየ ነገር መሆኑን እግራቸው ያውቀዋል።

ወሎዬዋ መምህርት

አብሽሪ እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም ደሴ 4ኛ ክፍል ሳስተምር ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ጋሼ ያሉት የእንጨት ዘዴ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ከዛ በፊት አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ልጆቹ እኮ አቅጣጫ ያውቃሉ፣ ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል፣ እኛ ነን በሌላ ስም የጠራንባቸው።

አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ እናትና አባታችሁ ሲጸልዩ ወይ ሲሰግዱ ወዴት ዞረው ነው አልኳቸው። የክርስቲያኖቹ ልጆች ወዲያው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፣ ፀሐይ መውጫ አሉ፣ ማንም አልተሳሳተም። የሙስሊሞቹ ልጆች ደግሞ ወደ ቂብላ ዞሩ። እና ደሴ ላይ ቂብላ ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ልክ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም መካ 39.8 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ናት፣ ደሴ 39.6 ላይ፣ በአንድ መስመር ላይ ነን። እናንተም ደብረ ብርሃን እንደዚያው ናችሁ። ስለዚ ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ልጅ ምሥራቅን ግማሹ ሰሜንን ይዞ ነው የተቀመጠው፣ ተደጋግፈው አራቱንም አገኙት። ኮምፓስ አላስፈለገንም።

ከዛ አንዱ ልጅ፣ አባቱ ነጋዴ ነው ሐረር ይመላለሳል፣ "ሐረር ያሉትም ወደ ሰሜን ነው የሚሰግዱት?" ብሎ ጠየቀኝ። ካርታውን ወለል ላይ አውርደን ከሐረር ወደ መካ ገመድ ሳብን፣ ከጅማም ሳብን። የሐረሩ ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያጋድላል፣ የጅማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ። አንድ ቦታ ከተለያየ ቦታ ሲታይ አቅጣጫው እንደሚለያይ የገባቸው ያኔ ነው፣ እኔም እውነቴን ነው የምልሽ ይሄንን በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም ነበር።

ለክርስቲያኖቹም ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ካርታ ነው፣ በብዙ ቤተ ክርስቲያን የወንዶች በር በሰሜን የሴቶች በደቡብ ነው አይደል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በየት በኩል እንደምትገባ ታውቃለች፣ ደቡብ እንደሚባል ብቻ ነው የማታውቀው። ቀስ ብለሽ በአክብሮት ጠይቂያቸው እንጂ የአንዱን ከአንዱ እንዳታስበልጪ፣ ልጆቹ ሁለቱንም በእኩል ሲሰሙ እርስ በርስ በጣም ነው የሚደነቁት።

ስለ ካርታው ደግሞ፣ እንዳትጥዪው። 9 ክልል መሆኑ ራሱ ትምህርት ነው። እኔ ልጆቹን ቀጭን ወረቀት ላይ አዲሶቹን አሳልኳቸው፣ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2015 እያልን አንድ በአንድ በላዩ ላይ ለጠፍን፣ አሁን 12 ሆኗል። ወንዙና ተራራው ባለበት ነው፣ መስመሩ ነው የተቀየረው። አንዷ "ታዲያ መስመሩ መሬት ላይ ይታያል?" አለችኝ። በጣም ትልቅ ጥያቄ ነው ብዬ አጨበጨብንላት።

ባለ ጠመኔ

እኔ እንኳን ትንሽ ልቃወም። ሐሳቡ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠላውም፣ ግን መሬት ላይ ያለውን እንነጋገር። እኔ ክፍሌ ውስጥ 71 ተማሪ አለ። ግቢ ይዣቸው ስወጣ ለመሰለፍ 8 ደቂቃ፣ ለመመለስ 8 ደቂቃ፣ ቀሪው 24 ደቂቃ ነው። መጽሐፉን በተባለው ሳምንት ካልሸፈንክ ሱፐርቫይዘር ይጠይቅሃል። የ6ኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ደግሞ ጥላ ወዴት ወደቀ ብሎ አይጠይቅም፣ "ከሚከተሉት ውስጥ በኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ የቱ ነው" ነው የሚለው። ወላጅም ውጤት ነው የሚያየው። ዝም ብሎ የሚያሸመድድ መምህር ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ሥርዓቱ ወደዛ ስለሚገፋው ነው። እኔ በበኩሌ ግጥም አድርጌ ነው የማስይዛቸው፣ ቢያንስ ይይዙታል።

የበረሳ ማዶ

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ያልከው ሁሉ እኔም ጋ አለ፣ እኔም በግጥም አስይዣለሁ። ግን እኮ ይዘውት ነው ኮርኒሱን ያሳዩኝ። ከ7 አመት በኋላ ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ስለ ጊዜው ግን ልክ ነህ፣ እሱን እንዴት እንደምፈታው አላወቅኩም።

ወሎዬዋ መምህርት

ባለ ጠመኔ፣ ስለ ጊዜው እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። በየቀኑ አልወጣም፣ እንጨቱን የሚጠብቁ 5 ልጆች ነው የምመድበው፣ በእረፍት ሰዓት ነው ጠጠር የሚያስቀምጡት፣ በማግስቱ እነሱ ናቸው ለክፍሉ የሚያስረዱት። ከፔሬዱ የሚወስደው 5 ደቂቃ ነው። የሒሳብ መምህሩንም አናገርኩት፣ እሱ ርዝመት መለካት ሲያስተምር የጥላውን ነው የሚያስለካቸው። ፈተናውም ቢሆን ራስ ዳሸን የቱ ነው ሲባል የገባው ልጅ አይሳሳትም፣ ሸምድዶ የያዘው ነው ሲደነግጥ የሚጠፋበት።

የሦስት ልጆች አባት

መምህር አይደለሁም፣ አዲስ አበባ ነኝ፣ ግን ውይይቱ ስለማረከኝ አንድ ነገር ላካፍል። ልጆቼ ቤት ውስጥ "ተፋሰስ ማለት" እያሉ ሲሸመድዱ ሰማሁና አንድ እሁድ እንጦጦ ይዣቸው ወጣሁ። ከእንጦጦ በደቡብ በኩል የሚወርደው ውሃ ቀበና ግንፍሌ ምናምን ብሎ ወደ አቃቂ፣ ከዛ አባ ሳሙኤል፣ ከዛ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባህር አይደርስም፣ አፋር ገብቶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚያልቀው። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ግን ሙገር ይገባል፣ ሙገር አባይ ይገባል፣ አባይ ህዳሴ ግድብ ደርሶ ሱዳን ግብፅ ብሎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

ጫፉ ላይ ቆመን ይሄንን ስነግራቸው የመካከለኛዋ የ9 አመት ልጅ በእጇ የያዘችውን ሃይላንድ ከፈተችና ግማሹን በዚህ በኩል ግማሹን በዚያ በኩል አፈሰሰችው። "ይሄ ግብፅ ይሄዳል ይሄ አፋር" አለች። መሬቱ ደረቅ ስለነበር ውሃው እዛው ጠጣው፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የእኛ ሰፈር ወዴት ነው የሚሄደው ትለኛለች። የእኛ አዋሽ ነው። የቤታችንን ጣሪያ ውሃ ተከትላ እስከ ቦዩ፣ ከቦዩ እስከ ወንዙ ሄዳ አይታዋለች፣ ወንዙ ውስጥ የሚጣለው ፕላስቲክና ቆሻሻም ወዴት እንደሚሄድ ያኔ ጠየቀችኝ፣ ቆቃን አሳየኋት ካርታ ላይ፣ አሳ ከየት እንደሚመጣም። ይሄ ከባድ ነበር ለእኔም።

እህቴ፣ የእናንተ በረሳ ወንዝስ ወዴት ነው የሚገባው? እናንተም ከተማ አጠገብ እንደዚህ አይነት ጫፍ ያለ ይመስለኛል።

የበረሳ ማዶ

በረሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ። ስለዚ የኛም ዝናብ ግብፅ ነው የሚሄደው። እና አዎ ጫፍ አለን፣ ወደ ደብረ ሲና መውረጃው ጣርማ በር! ይሄን እያወቅኩ እንዴት አልመጣልኝም ነበር። ከጣርማ በር ወዲህ አባይ፣ ከመኪና መንገዱ ዋሻ ወዲያ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው አዋሽ። ተማሪ ለማጓጓዝ ግን ምንም በጀት የለንም፣ እስከዚያ ይዤያቸው መሄድ አልችልም።

ሸዋ ሮቢት ላይ ያለሁ

እህቴ እንግዲህ እኔ ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት አስተምራለሁ፣ እኔም 5ኛ ክፍል። ይሄን ሙሉ ውይይት ሳነብ ቆይቼ አሁን ነው ድፍረት ያገኘሁት።

ልጆቹን ማጓጓዝ ካልተቻለ መንገዱን ክፍል ውስጥ አምጪው። ከተማሪዎችሽ ውስጥ አባቱ ሾፌር ወይ ረዳት የሆነ ልጅ አይጠፋም፣ እናቱ እዚህ ድረስ መጥታ ሽንኩርት ማሾ የምትጭንም ትኖራለች። አንድ ፔሬድ ጋብዣቸውና ሦስት ጥያቄ ብቻ ልጆቹ ይጠይቁ፣ ጆሮህ የሚደፈነው የት ጋ ነው? ጃኬትህን የምታወልቀው የት ጋ ነው? መንገድ ዳር የሚሸጠው ነገር የሚቀየረው የት የት ነው? እኛ ጋ አንድ ሾፌር መጥቶ ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሰሙት፣ ጣርማ በር ላይ ጉምና ብርድ ነው፣ ገብስና ባቄላ ነው ግራ ቀኙ፣ ዋሻውን አልፈህ ስትወርድ ጆሮህ ድፍን ይላል፣ ደብረ ሲና ጋ ቆሎ ይሸጣሉ፣ ከዛ ጤፍ፣ ከዛ ማሽላ፣ ከዛ መስኮት ከፈት እዚህ ስትደርስ ማንጎ። ደጋ ወይና ደጋ ቆላ የሚለው የመጽሐፍ ሰንጠረዥ እኮ ይሄው ነው። እናንተ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ እኛ 1,300 ገደማ፣ በመሀላችን 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው ያለው።

እና አንድ ሐሳብ ልስጥሽ፣ ለምን ሁለቱን ክፍል አናገናኝም? እናንተ በየቀኑ 4 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር አንብቡ፣ እኛም በዛው ሰዓት፣ በቴሌግራም እንለዋወጥ። ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል የሚለውን መጽሐፉ ይላል፣ 1,500 ሜትር ልዩነት ካለን 9 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፣ ልጆቹ ይፈትኑት። ሁለት ስልክ ነው የሚያስፈልገን፣ ያንቺና የኔ። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ጤና ጣቢያ ወይ ግብርና ቢሮ ጠይቂ፣ እኔ ከአንድ የግብርና ባለሙያ ነው የተዋስኩት።

ጡረተኛ መምህር

ይሄ ከሁሉ የበለጠ ነው። ልጆቼ ሁለታችሁም ተባረኩ። ቴርሞሜትሩን ጥላ ስር ስቀሉት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቃችሁ፣ ሁለታችሁም በአንድ አይነት ከፍታ። አለዚያ ልዩነቱ የአየሩ ሳይሆን የቆርቆሮው ነው የሚሆነው።

የበረሳ ማዶ

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ ስለቆየሁ ይቅርታ፣ ሰርቼ ሳይ ነው ልጽፍ የፈለግኩት።

ካርታውን አወረድነው። እንጨቱን ተከልን፣ የጠዋት ፈረቃ የመጀመሪያውን ጠጠር አስቀመጠ የከሰዓቱ ሁለተኛውን፣ በማግስቱ ሁለቱም ፈረቃ መስመሩን በኖራ አሰመሩት፣ አሁን ግቢያችን ውስጥ ሰሜን ደቡብ የሚል ነጭ መስመር አለ፣ የ1ኛ ክፍል ልጆች በእረፍት ሰዓት እየዘለሉበት ነው። የመጀመሪያ ቀን አልተሳካም ነበር ግን፣ ከሰዓት ደመና ሆነና ጥላው ጠፋ፣ የከሰዓት ፈረቃ ልጆች በጣም አዘኑ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የሆነው።

አባይን በሰው ሠራነው። ያቺን ዝምተኛዋን ልጅ ጣና አደረግኳት፣ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ነጠላውን ያዘች። ነጠላው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ መመለስ እንዳለበት እኔ ረስቼው አንዱ ልጅ ነው ያስታወሰኝ፣ የእናቱ አገር ደብረ ማርቆስ ነው፣ ስለዚ ሦስት ልጅ ጨምረን አዞርነው። እስከ ባህሩ ሲደርስ እሷ ከላይ ሆና ቁልቁል ስታይ "ወደዛ ነው ግን ወደ ታች ነው" አለች። በቃ ይሄው ነው ያለችው። እኔ ሰሌዳው ላይ ስድስት መስመር ጽፌ ያላስረዳሁትን።

ባለ ጠመኔ ወንድሜ፣ ጊዜው በእውነት ፈትኖኛል፣ አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ አልዋሽህም። ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋግረን አንድ ሐሙስ የእስፖርት ፔሬዱን ተውሰናል። ለአሁን እንደዛ ነው የሆነው።

ሸዋ ሮቢት ያለሽው እህቴ፣ ቴርሞሜትር አግኝቻለሁ፣ አርብ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብነው፣ 4 ሰዓት ላይ 14። ያንቺ 24 ስትዪኝ ክፍሉ ጮኸ። 9 ነበር መሆን ያለበት 10 ሆነ ለምን ብለው እየተከራከሩ ነው፣ አንዱ ንፋስ ነው ይላል፣ አንዱ የነሱ ደመና አልነበረም ይላል፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል ብያቸዋለሁ ግን ሰኞም እናያለን። ልጆቹ ያንቺን ተማሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ጽፈዋል፣ 31 ነው፣ ማንጎ አሁን አበባ ነው ወይ ፍሬ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ትለብሳላችሁ ወይ፣ ወንዛችሁ ክረምት ላይ ይሞላል ወይ፣ ይሄ ሁሉ። ዛሬ ማታ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ጽሑፋቸው ትንሽ ይከብዳል፣ ያልተነበበሽን ጠይቂኝ።